ሐምሌ 20 ሲደመር ሦስት ወር፡ የእኛን ቀን የሚቆጥር ላይብረሪ እንዴት ይጫናል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ‹‹ወደ ሥራዬ ልመለስ›› ብሎ የሚከሰው በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ነው፡፡ ሦስት ወሩ ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፡፡ እንግዲህ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የስንብት ደብዳቤ የደረሰውን አንድ ሰው እናስብ፡፡ ሦስት ወሩ መቼ ይሞላል? እኔና እናንተ በጣታችን ብንቆጥር ነሐሴ 20፣ መስከረም 20፣ ጥቅምት 20 እንላለን፡፡ በፕሮግራመሮች ዘንድ የተከበረ፣ በነጻ የሚገኝና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ ላይብረሪ ግን ይኸው ጥያቄ ሲቀርብለት መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ይመልሳል፡፡ የሰውየው አንድ ወር ሙሉ በላ ማለት ነው፡፡

የሚያስገርመው ላይብረሪው አለመሳሳቱ ነው፡፡ ‹‹የ13 ወር ፀጋ›› እያልን በዓለም ፊት ስንመካ የኖርነው እኛው ነን፡፡ እሱም ቃላችንን አምኖ ጳጉሜንን እንደ አንድ ወር ቆጠረ፡፡ ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር ነው፤ ሦስት ሲደመርበት አሥራ አራት ይሆናል፤ አሥራ ሦስቱ ሲቀነስ አንድ ይቀራል፤ አንደኛው ወር ደግሞ መስከረም ነው፡፡ ሒሳቡ እንከን የለውም፡፡ እንከኑ ያለው ‹‹ወር›› የሚለው ቃል በሕግ፣ በደመወዝና በብድር ውል ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ ፕሮግራሙ ሥራ መጀመሩ ላይ ነው፡፡

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለፕሮግራመሮች ብቻ አይደለም፡፡ ለቢሮአችሁ ሶፍትዌር የምታሠሩ ጠበቆች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ የሰው ኃይል ኃላፊዎችና የቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራ አስኪያጆች ብታነቡት ይበጃል፡፡ መጫኑን ፕሮግራመሩ ይችልበታል፡፡ ማስተካከሉ ግን የእናንተም ሥራ ነው፡፡

ነገሩ እጄ የገባው አቦምሳ ነው፡፡ አቦምሳን ለማታውቁ፣ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አዲስ አበቤው ‹‹መርቲ›› ሲባል ቀድሞ የሚታየው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው፡፡ በዚያ አካባቢ በአዋሽ ዳር ያሉ እርሻዎች ብዙ ሰው በወርና በወቅት ይቀጥራሉ፤ ይሰናበታልም፡፡ ስለዚህ የሦስት ወር ገደብ እዚያ የመጽሐፍ ነገር አይደለም፡፡ በከተማው ጥብቅና የሚሠራ አንድ ወዳጄ የደንበኞቹን የጊዜ ገደብ የሚያስታውሰው ፕሮግራም ለአንድ ወጣት አሠርቶ ነበር፡፡ ልጁ ጎበዝ ነው፡፡ በአዳማ ተምሮ የተመለሰ፣ በጃቫ ቋንቋ የሚጽፍ፣ በላፕቶፑ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል አቧራ ያለበት፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ቀኑን እንደሆነ አንድም ሳይሳሳት ይቀይራል፣ እርስዎ የፈለጉትን ይጠይቁት›› አለኝ፡፡ እኔም የጠየቅሁት ሐምሌ 20ን ነበር፡፡

ወደ አጫጫኑ ከመሄዴ በፊት ላይብረሪ ምንድን ነው የሚለውን ባጭሩ ላንሳ፡፡ ላይብረሪ ሌላ ሰው ጽፎ፣ ፈትኖ ያስቀመጠው የኮድ ስብስብ ነው፤ ፕሮግራመሩ ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ሥራው ያስገባውና ይጠራዋል፡፡ ኦፕን ሶርስ ሲሆን ደግሞ ውስጡን ማንበብ፣ መለወጥና ማከፋፈል በፈቃዱ ደንብ መሠረት የተፈቀደ ነው፡፡ ‹‹ቀን መቀየርን ለምን ራሳችን አንጽፈውም? ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ አይደለም እንዴ?›› የሚሉ አሉ፡፡ አገሪቱ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ በዚህ መንገድ የተጻፉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፡፡ ችግሩ የሚታየው በዘመነ ዮሐንስ ነው፡፡ የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስላላት ቀጣዩ ዓመት የሚገባው በፈረንጆቹ መስከረም 11 ሳይሆን 12 ነው፤ ልዩነቱም እስከ የካቲት ድረስ ይዘልቃል፡፡ የ2016 ዓ.ም. ገና በታኅሣሥ 29 ፈንታ በታኅሣሥ 28 መከበሩን ታስታውሳላችሁ፡፡ በመቀነስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም በእነዚያ አምስት ወር ከምናምን ውስጥ የመዘገበው ሁሉ በአንድ ቀን የተዛባ ነው፡፡ ለይግባኝ 60 ቀን የሰጠውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፡፡

ደግነቱ ይህን ሥራ ቀድመው የሠሩልን አሉ፡፡ ጃቫ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስምንተኛው እትሙ ሲወጣ አዲስ የቀንና የሰዓት ክፍል ይዞ መጣ፡፡ በውስጡም የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር ተካተተ፤ የእኛ ግን የለም፡፡ (ለምን እንደተዘለልን ሁልጊዜ ይከነክነኛል፡፡) ክፍተቱን የሚሞላው ስሪቴን ኤክስትራ የተባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ነው፡፡ ስሙን ያገኘው ከጃቫው የቀን ክፍል ረቂቅ ቁጥር፣ ከ310 ነው፡፡ ሥራውን የመሩት ስቲቨን ኮልበርን ከዚያ በፊት ጆዳ ታይም የተባለውን ላይብረሪ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጆዳ ታይምም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፡፡ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ግን ጆዳን መምረጥ የለበትም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ወደ አዲሱ ተሻገሩ እያሉ ይመክራሉ፡፡ በስሪቴን ውስጥ የኢትዮጵያና የግብፅ ቅብጥ አቆጣጠር በአንድ የጋራ መሠረት ላይ ነው የተጻፉት፡፡ መሠረቱን ‹‹የዓባይ ቀን›› ብለው ሰይመውታል፡፡ በዓባይ ላይ ከግብፅ ጋር የተስማማንበት አንድ ነገር ማየት ደስ ይላል፡፡

ከጃቫ ውጭ ለምትሠሩ አይሲዩ የሚባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ አለ፡፡ ዘመናዊ የኢንተርኔት ማሰሻዎችም የኢትዮጵያን ቀን የማሳየት ችሎታ በውስጣቸው ይዘዋል፡፡ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራው ዲኤችአይኤስ2 የተባለ ኦፕን ሶርስ ሥርዓትም ከማስተካከያ ገጹ ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲመረጥ ይፈቅዳል፡፡ ስለዚህ ‹‹ለእኛ አቆጣጠር የተሠራ ነገር የለም›› ብሎ ለሚያስከፍላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ፡፡

አሁን ስለ መጫኑ፡፡ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፡፡ ሜቨን የሚባለውን የጃቫ ማቀናበሪያ የሚጠቀም ሰው በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ የላይብረሪውን ቡድን፣ ስሙንና የእትም ቁጥሩን ሦስት መስመር ይጽፋል፤ ቀሪውን ሜቨን ከማዕከላዊ ማከማቻው ያመጣዋል፡፡ ጃቫ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ መኖር አለበት፡፡ የእትም ቁጥሩን ለይታችሁ ጻፉ፡፡ ‹‹የቅርቡን አምጣ›› ብሎ መተው ዛሬ የፈተናችሁት ፕሮግራም ነገ በማታውቁት ኮድ እንዲሠራ መፍቀድ ነው፡፡ ሶፍትዌር የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በውላችሁ አባሪ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ፡፡

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ዘዴው ሌላ ነው፡፡ የአቦምሳው ልጅ ያደረገውን ልንገራችሁ፡፡ አዳማ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ ፕሮጀክቱን አንድ ጊዜ አስነሣው፡፡ ሜቨን ያወረደውን ሁሉ በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ ‹‹ነጥብ ኤም ሁለት›› በተባለ ድብቅ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ያን ፎልደር እንዳለ በፍላሽ ገልብጦ አቦምሳ ላይ በራሱ ኮምፒውተር በዚያው ቦታ አሳረፈውና ሜቨንን ‹‹ኦፍላይን›› በሚለው ትዕዛዝ አሠራው፡፡ ላይብረሪውን ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም፤ ሜቨን ለራሱ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አሉትና እነሱ ከሌሉ ይቆማል፡፡ ሜቨን የማይጠቀም ሰው ግን ላይብረሪው አንድ ፋይል ስለሆነና ለመሥራት ሌላ ላይብረሪ ስለማይሻ ያንኑ ፋይል ገልብጦ ፕሮግራሙ በሚያየው መንገድ ላይ ቢያስቀምጠው ይሠራል፡፡ የክፍለ አገር ፍላሽ ምን ምን ቫይረስ እንደሚሸከም ስለምናውቅ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፡፡ ማዕከላዊው ማከማቻ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን የማረጋገጫ ቁጥር ያስቀምጣል፡፡ ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይዞ፣ ከተገለበጠው ፋይል ቁጥር ጋር ማመሳከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፡፡

ተጫነ ማለት ግን ተስተካከለ ማለት አይደለም፡፡ ልጁን መጀመሪያ ያስቸገረው ፊደሉ ነበር፤ የወሮቹ ስም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ወጣ፡፡ ከጃቫ 18 በፊት የነበሩ እትሞች ጽሑፍን የሚያነቡት ዊንዶውስ በተቀመጠበት ልማድ ነው፤ ከ18 ወዲህ ግን ዩቲኤፍ ስምንት መደበኛው ሆኗል፡፡ በአሮጌ እትም የሚሠራ ሰው ይህንኑ በትዕዛዝ ማሳወቅ አለበት፡፡ ሌላው ደግሞ ላይብረሪው የወሮቻችንን ስም በአማርኛ አለማወቁ ነው፡፡ ቀኑን አትም ሲባል በእንግሊዝኛ ‹‹ኢትዮፒክ›› ብሎ፣ ዘመኑን ጠቅሶ፣ 2016-11-20 ይላል፡፡ አሥራ ሦስቱን ስሞች ራሳችሁ ትሰጡታላችሁ፡፡ ተጠቃሚው በእጁ የሚጽፍበት ቦታ ካለ ደግሞ ኅዳርን በሦስት ዓይነት ‹‹ሀ›› የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ፣ ጳጉሜና ጳጉሜን አንድ እንደሆኑ ማሳወቅ የእናንተ ፈንታ ነው፡፡ ከሁሉ የሚሻለው ግን ወሩን ከዝርዝር እንዲመርጥ ማድረግ ነው፡፡

ከፊደሉ የከፋው የሰዓት ክልሉ ነው፤ ስህተቱ ለዓይን አይታይምና፡፡ ከአገር ውጭ የሚከራዩ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፡፡ አንድ ፕሮግራም መስከረም 1 ቀንን ‹‹መስከረም 1፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት›› ብሎ ቢመዘግብ ሰርቨሩ ዘንድ ገና ጳጉሜን አላለቀችም፡፡ ተመልሶ ሲነበብ ቀኑ አንድ ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል፡፡ መፍትሔው ሁለት ነው፤ ክልሉን ‹‹አፍሪካ፣ አዲስ አበባ›› ብሎ መወሰን፣ ከዚያም በላይ ሰዓት የማያስፈልገውን ነገር ያለ ሰዓት፣ ቀኑን ብቻ ማስቀመጥ፡፡ የልደት ቀን፣ የስንብት ቀን፣ የውል ቀን ሰዓት የላቸውም፡፡ በማከማቻው ውስጥ በፈረንጅ ቀን ተቀምጦ በስክሪኑ ላይ በእኛ ቢታይ ምንም ነውር የለውም፡፡ እኔ ብሆን ግን ጸሐፊዋ የጻፈችውን የኢትዮጵያ ቀን እንደጻፈችው በተጨማሪ አስቀምጥ ነበር፤ ክርክር ሲነሣ ማስረጃው እሱ ነውና፡፡ ቀኑ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው የሚለው ሌላ ጣጣ ነው፡፡ የጆዳ ታይም ደራሲዎች ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት እንደወሰዱት በማብራሪያቸው ጽፈዋል፡፡ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የምንጀምረውን የእኛን ቆጠራ ግምት ውስጥ አላስገቡትም፡፡

አይሲዩን ለሚጠቀሙ አንድ ቃል ልጨምር፡፡ እዚያ ሁለት የኢትዮጵያ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው በዓመተ ዓለም ነው፡፡ ሁለተኛውን በስህተት የመረጠ ሰው 5500 ዓመት ይጨመርለትና 2017 ብሎ ሲጠብቅ 7517 ያያል፡፡ ይህ እንኳ ወዲያው ስለሚታይ አያሰጋም፡፡

ወደ ወሩ እንመለስ፡፡ ለሐምሌ 20ው ሰው ስንት መልስ እንዳለ ልጁና እኔ ቁጭ ብለን ቆጠርን፡፡ ላይብረሪው በአሥራ ሦስት ወር ሲቆጥር መስከረም 20፣ ይህም ከስንብቱ በኋላ 65ኛው ቀን ነው፡፡ ሦስት ወርን 90 ቀን ካልን ጥቅምት 15፡፡ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይረን፣ ሦስት ወር ጨምረን፣ መልሰን ከቀየርን ጥቅምት 17፡፡ ጳጉሜንን እንደ ወር ሳንቆጥር ከቀን ወደ ቀን ከሄድን ጥቅምት 20፡፡ አራቱም ከኮምፒውተሩ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ነው የወጡት፡፡ ጳጉሜንን ሙሉ ወር አድርጎ የሠራተኛን ክስ ‹‹በይርጋ ታግዷል›› የሚል ጠበቃ በዕድሜዬ አልገጠመኝም፡፡ የወር ደመወዝተኛም ቢሆን ለጳጉሜን ተብሎ ለብቻው አይከፈለውም፡፡ ልማዳችን ጳጉሜንን በዓመቱ ውስጥ ይቆጥራታል እንጂ ከወሮቹ ተራ አያሰልፋትም፡፡ ላይብረሪው ይህን ልማድ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፡፡

ነገሩ የጠበቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ የብድር ምሳሌ ልስጥ፡፡ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሰጠ የ12 ወር ብድር በላይብረሪው ቆጠራ የሚያልቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፡፡ አሥራ ሁለት ሲደመር አሥራ ሦስተኛው ወር ላይ ያርፋል፤ ጳጉሜን 30 ስለሌላትም ወደ መጨረሻ ቀኗ ይጎትተዋል፡፡ ተበዳሪው ግን ዓመት ሙሉ የተሰጠው መስሎት መስከረም 30ን ይጠብቃል፡፡ በመካከሉ ያሉት 30 ቀናት ቅጣት ይቆጥራሉ፡፡

ልጁ ያደረገው እንዲህ ነው፡፡ የላይብረሪውን ወር መደመሪያ በቀጥታ መጥራት አቆመና በራሱ ሌላ አጭር ኮድ ጻፈ፡፡ ይህ ኮድ ወሮቹን አሥራ ሁለት ብቻ አድርጎ ይቆጥርና ዓመቱና ወሩ ከታወቀ በኋላ ወደ ፈረንጅ መቀየሩን፣ ቀኑ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጡንና ቀናት መደመሩን ለላይብረሪው ይተውለታል፡፡ አጠቃላይ ርዝመቱ ሃያ መስመር አይሞላም፡፡ በጳጉሜን ውስጥ የሚጀምር ገደብ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ አይገምትም፤ ቆሞ ‹‹ጠበቃው ይወስን›› ይላል፡፡ ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፡፡ በሕጉ ውስጥ ገደቡ በቀን የተነገረ ከሆነ በቀን፣ በወር የተነገረ ከሆነ በወር እንዲቆጠር የእያንዳንዱ ጉዳይ ዓይነት ለብቻው ተመዝግቧል፡፡

አንድ ነገር ላይ ግን ከወዳጄ ከጠበቃው ጋር ትንሽ ተከራከርን፡፡ እሱ ገደቡ ያለፈበት መዝገብ በቀይ ‹‹ጊዜው አልፏል›› ተብሎ እንዲታይ ፈልጎ ነበር፡፡ እኔ አይሆንም አልሁ፡፡ ማስታወሻ ቀድሞ ቢደውል ማንንም አይጎዳም፤ ስለዚህ ለማስጠንቀቂያ ከሆነ ከጥቅምት 15 ቀድሞ ይደውል፣ እሰየው ነው፡፡ ‹‹አልፏል›› የሚለው ቃል ግን ፍርድ ነው፡፡ ጸሐፊዋ ስክሪኑን አይታ በጥቅምት መጀመሪያ የመጣውን የእርሻ ሠራተኛ ከበር ብትመልሰው ሰውየው ሥራውን ያጣው በአሠሪው ሳይሆን በላይብረሪ ነው፡፡ አቤት የሚልበትም የለው፡፡ በመጨረሻ ‹‹ጠበቃው ይመልከተው›› በሚል ተስማማን፡፡

‹‹አቤት የሚልበት የለው›› ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም፡፡ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአገራችን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ ነው፤ ነጻ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፡፡ የስሪቴን ኤክስትራ ፈቃድ ቢኤስዲ የሚባለው አጭሩ ዓይነት ሲሆን የሚጠይቀውም ጥቂት ነው፤ ኮዱን ስታከፋፍሉ የባለቤትነት ማስታወቂያውንና የፈቃዱን ጽሑፍ አብራችሁ አኑሩ፣ በባለቤቶቹ ስም የራሳችሁን ምርት አታስተዋውቁ፡፡ ዋናው ግን የመጨረሻው አንቀጽ ነው፡፡ ሥራው የተሰጠው ‹‹እንዳለ›› ነው፣ ዋስትና የለውም፣ ለሚደርሰው ጉዳት ደራሲዎቹ አይጠየቁም ይላል፡፡ በነጻ ለሰጠ ሰው ይህ ተገቢ ነው፡፡ ግን ኃላፊነቱ ይጠፋል ማለት ሳይሆን ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው፤ ወደ ልጁ፣ ከዚያም ፕሮግራሙን አምኖ ደንበኛ ወደሚመክረው ጠበቃ፡፡ ስለዚህ ሶፍትዌር ስታሠሩ ‹‹ላይብረሪው ነው የተሳሳተው›› የሚል መልስ እንዳይመጣባችሁ የወር አቆጣጠሩ በውሉ ውስጥ በአማርኛ፣ በምሳሌ፣ ቀን ተጠቅሶ ይጻፍ፡፡ ሐምሌ 20 ሲደመር ሦስት ወር ጥቅምት 20 ነው ተብሎ፡፡

ፕሮግራሙን ከመረከባችሁ በፊት ራሳችሁ የምትፈትኑባቸው ቀናት እነሆ፡፡ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በፈረንጅ መስከረም 12 ቀን 2007 መሆን አለበት፡፡ መስከረም 1 ቀን 2016 እንዲሁ መስከረም 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን መስከረም 11 ቀን 2024፡፡ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ይቀበል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ግን ‹‹እንዲህ ያለ ቀን የለም›› ብሎ ይመልስ፡፡ ዝም ብሎ ወደ መስከረም 1 ካሻገረው ይህም ስህተት ነው፤ ጸሐፊዋ የተሳሳተችውን ደብቆላታልና፡፡ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ጥር 7 ቀን 2024 ይሁን፡፡ ለቀልድ ያህል ደግሞ የዓድዋን ቀን ስጡት፡፡ የካቲት 23 ዛሬ ዛሬ በፈረንጅ መጋቢት 2 ላይ ይውላል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን መጋቢት 1 ቀን 1896 ነበር፡፡ ፈረንጆቹ በ1900 የካቲትን 29 ሳያደርጉ ስለዘለሉት ነው፡፡ በ2100ም ይዘልላሉ፡፡ ያኔ የእኛ አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋል፡፡ የአቦምሳው ፕሮግራም ሁሉንም አለፈ፤ ሁለት መልስ ብቻ ዘገየብን፣ እሱም መብራት ጠፍቶ ነው፡፡